አንቀመጥም ያሰኘ አሞርዛተር

ሰው ቤት ገብቼ «ተቀመጥ» በተባልኩ ቁጥር አፍራለሁ። ጋባዦቼ ትሕትና ይመስላቸውና «ኧረ ግድ የለም፣ ቤትህ ነው» እያሉ ወንበሩን ይበልጥ ያስጠጉልኛል፤ እኔም ይበልጥ አፍራለሁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከትሕትና ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ዝምድናው ከአሞርዛተር ጋር ነው።

አሞርዛተር ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር አይፈር፤ እኔ የተዋረድኩት አውቃለሁ ብዬ ነው። አሞርዛተር ከመኪና ጎማ አጠገብ ቆሞ የሚኖር፣ ሆዱ በዘይት የተሞላ ቱቦ ነው። ሥራው ሽምግልና ነው። መንገዱ በጎማው በኩል የወረወረውን ስድብ ይቀበልና በዘይቱ አለዝቦ፣ አሳጥሮ፣ «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» እያለ ለተሳፋሪው ያደርሳል። ጥሩ አሞርዛተር ባላት መኪና የተሳፈረ ሰው መንገዱ ምን እንዳለው ሳያውቅ ካሰበበት ይደርሳል። መጥፎ አሞርዛተር ግን እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል ያመጣል፤ አንዳንዴም ከራሱ ይጨምርበታል።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። በእርሻ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተመድቤ እሠራ ነበር። የከተማው ሰው «ጓድ» ይለኝ ነበር፤ ጓድነቴ ከሩቅ ስለሚታይ ሳይሆን ሌላ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ስለቸገረው ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱ አንዲት ጂፕ ነበረችው። ቀለሟ አረንጓዴ ነበር፤ ወይም አረንጓዴ እንደነበር አስባለሁ። ሾፌራችን ባሻ ታከለ፣ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የተገለሉ ሽበታም ሰው፣ «አመድማ ነበረች» ብለው እስከ መጨረሻው ተከራክረውኛል። ትዝታዬን በሙሉ ልብ ከማያምኑት ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ ነኝና በቀለሟ አልሟገትም። በቁመቷ ግን እሟገታለሁ፤ ቁመቷን የጨመርኩት እኔ ነኝና።

ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርደው መንገድ በዚያን ጊዜ፣ ድንጋዮቹ ለጥቂት ጊዜ ገለል ያሉበት ሥፍራ ከመባል በቀር ሌላ ስም የሚገባው አልነበረም። ጂፓችን ወንዝ በተሻገረች ቁጥር ሆዷን እያስቧጨረች ትመለሳለች። ከአንድ የመኪና መጽሐፍ ላይ ጥቂት ገጾች አነበብኩና ሳይንሳዊ መፍትሔ አገኘሁላት። ባለስትራ በሚባለው፣ መኪናዋን በሚሸከመው የተደራረበ ብረት ላይ ሌሎች ብረቶች አስደረብኩ፤ ከሥሩም የብረት ኩርሲ አስገብቼ አካሏን ከጎማዋ አራቅኩት። ጂፓችን ብድግ ብላ ቆመች። ጨው ጭነው የሚመጡ ግመሎችን ማየት የለመደው የሰቆጣ ገበያተኛ ወዲያው ስም አወጣላት፤ ግመሏ ተባለች። ለመሳፈር እግር የማይደርስ ስለሆነ አንድ በርጩማ ከኋላዋ ታስሮ አብሯት ይዞር ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ የመኪናዋ ቁመት ሲጨምር የአሞርዛተሮቿ ቁመት አብሮ አለመጨመሩን ነው። ከላይም ከታችም የታሰሩ በመሆናቸው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጣራ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰው፣ እስከ ጫፋቸው ተወጥረው መዋል ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በየተራ ተበጠሱ። አሞርዛተር የሌላት መኪና ደግሞ የነካትን አትረሳም። ከከተማው መግቢያ ላይ የገጠማትን ጉድጓድ እያስታወሰች እስከ ገበያው መሀል ድረስ ትሰግዳለች። የሰፈራችን ቄስ መምሬ ካሱ ቆም ብለው አይተዋት «ስግደቷስ ከብዙዎቻችን ይበልጣል» ማለታቸውን ሰምቻለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ተጀምሮ በዚያው ሊያልቅ የሚችል ውርደት ነበር። ግን በዚያው ወራት ላገባት የምፈልጋት ሴት ነበረችኝ።

አምሳል ትባላለች፤ ሰቆጣ ውስጥ መምህርት ነበረች። አባቷ ግራዝማች ረዳ አበርገሌ ቆላ፣ ኒሯቅ ይኖሩ ነበር። እንዲህ ያለው ማዕረግ በአዋጅ ቀርቷል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን አዋጁ ያን መንገድ ወርዶ ኒሯቅ እስኪደርስ ደክሞት መሆን አለበት፣ ማንም ሰው በሌላ ስም አልጠራቸውም። ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ለአምሳል ስነግራት ደስ ብሏት ፈገግ አለችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«የምትልካቸው ሰዎች ጉልበት እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጉልበት? አንደበት ማለትሽ ነው?»

«አንደበቱን አባቴ አይሰማውም። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ አንተም ታውቃለህ። ሌላው አባት ለወጉ ያህል ጥቂት ያስቆምና ይራራል። የእኔ አባት ግን እስኪቀመጡ ይጠብቃል። ከተቀመጡ፣ ጥያቄያቸውን ትተውታል ማለት ነው፤ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሸኛቸዋል።»

«እስከ ዛሬ የመጡትስ?»

«ሁሉም ተቀምጠዋል» አለችኝ። «እኔ እስካሁን ያላገባሁት የሰው ጉልበት ስለሚደክም ነው። ደግሞ ስማኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ። የመረጣቸው ሰዎች ሽማግሌ የተባሉት በስም ነው እንጂ ግንድ ተሸክመው የሚውሉ ጎልማሶች ናቸው።»

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የእኔ ሽማግሌዎች ኒሯቅ የሚደርሱት ዕረፍት እንዳደረገ ሰው፣ ትኩስ ጉልበት ይዘው መሆን አለበት። አለበለዚያ አምሳልን የሚወስዳት ግንድ ተሸካሚዎቹን የላከው ሰው ነው። ስለዚህ የትዳሬ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የአሞርዛተር ጉዳይ ሆነ።

ከመረጥኳቸው ሽማግሌዎች ዋናው እኒያው መምሬ ካሱ ነበሩ። ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጉልበታቸው ግን ቅዳሴ ላይ እንኳ መቋሚያ የሚለምን ሰው ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ እንድሪስ ነበሩ፤ ከሱቃቸው ፊት ጨርቅና ስኳር የሚሸጡ፣ ከሱቃቸው ጓሮ ደግሞ ከተጣሉ መኪኖች የተፈታ ዕቃ የሚያከማቹ፣ ወፈር ያሉ ነጋዴ። ሦስተኛው ሰው በዋዜማው ታመመና በቦታው ባሻ ታከለን አስገባሁ፤ ሽበት ነበራቸው፤ ደግሞ መኪናዋን መንዳታቸው አይቀርም።

አሞርዛተሩን ለመምረጥ ባሻን ይዤ ወደ ሐጂ እንድሪስ ጓሮ ሄድኩ። ሐጂ ሦስት ዓይነት አቀረቡልኝ። አንደኛው ለጂፓችን ዓይነት መኪና የተሠራ ነበር፤ ግን ያው እንደ ድሮዎቹ አጭር ሆነ። ሁለተኛው ረዘም ይላል፣ ሲጫኑት በለዘብታ ይገባል፣ ሲለቁት በለዘብታ ይመለሳል፤ ነገር ግን አንገቱ ላይ ትንሽ ዘይት ያላበው ነበር። ሦስተኛው የትልቅ ጭነት መኪና አሞርዛተር ነበር፤ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ደረቅ። ከሐጂ ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ለካሁት። ከግመሏ ቁመት ጋር ልክክ አለ።

«ጓድ ልጄ» አሉ ሐጂ፤ በአዲሱና በአሮጌው ዘመን መካከል ላለመሳሳት ሁልጊዜ እንዲህ ይሉኝ ነበር፤ «እስቲ ጫነው።»

በሁለት እጄ ተጫንኩት። በሆዴ ተጫንኩት።

«አይገባም» አልኩ።

«ወላሂ አይገባም! እኔም ስገዛው አልገባም። ጥንካሬ ማለት ይኼ አይደል?»

ባሻ ታከለ ተቀብለው መዘኑት። «ጦር ሠራዊት ሳለሁ» አሉ፣ «እንዲህ ያለውን የታጠቀ መኪና ገደል ለገደል ሲሄድ አንድ ብሎን አልወለቀበትም።»

«ሰዎቹስ?» አልኳቸው።

ባሻ ጥቂት አሰቡ። «ሰዎቹን አላስታውስም» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የፊዚክስ ትምህርት ትዝ አለኝ፤ ለክፋቱ በትክክል ትዝ አለኝ። የሚወዛወዝን ነገር የሚቃወመው ኃይል በበረታ ቁጥር ውዝዋዜው ፈጥኖ ይሞታል። ግመሏን የገደላት ውዝዋዜ ነው። ስለዚህ ውዝዋዜን እስከ ወዲያኛው የሚያጠፋውን ኃይል መምረጥ ሳይንሳዊ ነው። ላብ ያለበትን ለዘብተኛ ወደ ጎን ገፍቼ ደረቁን መረጥኩ። እንዲህ ባለው ዘመን ለዘብተኛን መግፋትም ያስመሰግን ነበር።

ቀዳዳው ትንሽ ስለሰፋ ከበረባሶ ጫማ ጎማ ቆርጠን እያስገባን አራቱንም ገጠምናቸው። ለሙከራ ባሻና ሐጂ ከፊት መከላከያዋ ላይ ወጥተው ዘለሉ። ግመሏ ንቅንቅ አላለችም። ገበያተኛ ተሰበሰበ፤ የወደደ ሁሉ እየወጣ ዘለለ። ንቅንቅ የለም። «ተራራ ናት!» አለ አንዱ። ጭብጨባ ሆነ፤ እኔም ለጭብጨባው እጅ ነሣሁ። ያን እጅ መንሳት ሳስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ከተራራ ላይ ተቀምጦ የትም መሄድ እንደማይቻል አንድም ሰው አላሰበም። የአሞርዛተሩን ርዝመት ለካሁ፤ ጠባዩን አልለካሁም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹን በበርጩማው አሳፍረን ተነሣን። በወጉ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ነገር ግን የመንግሥት መኪና ያለ ኃላፊ መውጣት ስለማትችል እኔም የመስክ ጉብኝት እንዳለኝ አድርጌ ከኋላ ተሳፈርኩ። የከተማው መሬት ሜዳ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰላም ነበር። «መርከብ ናት» አሉ ሐጂ፣ ስለ ዕቃቸው እየኮሩ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር መንገዱ መናገር ጀመረ። አሞርዛተሮቻችን ከተናገረው አንድም ቃል አላስቀሩም። ጎማው የረገጠውን ጠጠር መቀመጫችን በስሙ ያውቀው ነበር። መምሬ ካሱ ጸሎት የጀመሩት ከከተማው ዳር ነው፤ ወንዙ ጋ ስንደርስ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነበሩ፤ ሊጨርሱት አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ድንጋይ ይዘጋባቸዋል።

«ይኼን ዕቃ ለሰው የሸጠ» አሉ ሐጂ እንድሪስ ጣራውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ «አላህ የእጁን...» ካሉ በኋላ ሻጩ ማን እንደሆነ ትዝ አላቸውና «...ያቅናለት» ብለው ጨረሱት።

ባሻ ታከለ ጀርባቸውን ከወንበሩ አላቀው፣ ጉልበታቸውን ቀጥ አድርገው ግማሽ ቁመት ቆመው ይነዱ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ መምሬ፤ «ወርጄ በእግሬ ብከተላችሁስ?»

«አይሆንም መምሬ» አልኳቸው። «ጉልበትዎ ይደክማል።»

መምሬ ዘወር ብለው አዩኝ። በዚያ ሰዓት የሚመልሱት ቃል ለካህን የሚፈቀድ አልነበረም መሰለኝ።

ኒሯቅ ስንደርስ መኪናዋን ከግራዝማች ቤት ጎን፣ ከአጥሩ ወዲያ አቆምናትና ሦስቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። መውረዳቸውን በዝርዝር አልተርክም። እግራቸውን አንፈራጠው፣ ወገባቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ደጃፉ ሲሄዱ ከኋላ ላያቸው፣ ፈረሶቻቸው በመንገድ ላይ የጠፉባቸው ፈረሰኞች ይመስሉ ነበር። እኔ እንዳልታይ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ግመሏ ከአጥሩ በላይ የምታሳይ በመሆኗ ወንበሩ ላይ ተንበርክኬ ግቢውን ሁሉ አያለሁ። የተንበረከኩት ለጸሎት አልነበረም። ከዚህ በኋላ የምተርከው ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን ሐጂ እንድሪስ የነገሩኝ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ዛሬ መለየት አልችልም።

ግራዝማች ረዳ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከቤት ወጡ። ከዛፉ ጥላ ሥር ያለውን የጭቃ መደብ በእጃቸው አሳይተው «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቤት ለእንግዳ። ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

በወጉ መሠረት ይህ ቃል የሚመጣው ሰላምታው ካለቀ፣ የከብቱና የዝናሙ ወሬ ከተነሣ በኋላ ቀስ ተብሎ ነው። የእኔ ሽማግሌዎች ግን መደቡን ባዩበት ቅጽበት ተናገሩት። ግራዝማች ትንሽ ደነገጡ።

«ጉዳይ አላችሁ ማለት ነው» አሉ።

«አዎ፣ ጉዳይም አለን» አሉ ሐጂ።

መምሬ ካሱ ጉዳዩን አቀረቡ፤ ስሜን፣ ሥራዬንና ጠባዬን ከእውነቱ አስበልጠው ተናገሩ። ግራዝማች «እናስብበታለን፤ እስከዚያው ዐረፍ በሉ» አሉና ራሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው መጠበቅ ጀመሩ። ፀሐይዋ ከረረች። የአበርገሌ ፀሐይ ለቆመ ሰው አትራራም። ሦስቱ ሽማግሌዎች አልተነቃነቁም። ግራዝማች መደቡ ላይ አጎዛ አስነጠፉ።

«መምሬ፣ አጎዛ ነው።»

መምሬ አጎዛውን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሚነክስ መሆኑን እንደሚያውቅ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና «ይቆየኝ፣ እንዲሁ ይሻለኛል» አሉ።

ጠላ ቀረበ፤ ቆመው አመሰገኑ። ሐጂ የቤቱን ምሰሶ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባሻ ታከለ ጎንበስ ማለት ስላልቻሉ በሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ደረታቸውን ነፍተው ቀጥ ብለዋል። በመጨረሻ ግራዝማች ከቤት ውስጥ የጠፍር አልጋቸውን አስወጡ፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደርበው አነጠፉበት። ለሽማግሌ አልጋ ሲወጣ ያን ዕለት በኒሯቅ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «አንቀመጥም» አሉ የእኔዎቹ፤ የሐጂ ድምፅ ግን ለቅሶ ለቅሶ ይል ነበር።

የግራዝማች ባለቤት ጠጋ ብለው ለባላቸው በኽምጥኛ አንድ ነገር አሏቸው። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ የሚሰሙት ሐጂ እንደነገሩኝ «እነዚህ ሰዎች አይደሉም፣ ምሰሶዎች ናቸው» ነበር ያሉት።

ግራዝማች ተነሡ። «ለምን እንደማትቀመጡ አውቃለሁ» አሉ።

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። «ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም! እኔም በጊዜዬ እንዲህ ሆኜ አይቻለሁ።»

«እርስዎም? በማን መኪና?»

መምሬ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «በማን ጉዳይ ማለታቸው ነው» አሉ።

«ለወዳጅ ነዋ!» አሉ ግራዝማች፣ ድምፃቸው ተለውጦ። «አጎዛ እያየ፣ አልጋ እያየ ስለ እሱ የሚቆምለት ሽማግሌ ያለው ሰው፣ ያ ሰው ሰው ነው። ሌሎቹ ቢመጡም አያስፈልጉኝም። ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እኔ አጥሩ ማዶ በደስታ ብዛት ተቀመጥኩ። ወዲያው ተነሣሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። መልስ ያገኘ ሽማግሌ አለመቀመጡ ነውር ነው፤ የተሰጠውን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ግራዝማች በደስታ እጃቸውን ዘርግተው «እንግዲህ ተቀመጡ!» አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አልጋውን አዩ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«መጀመሪያ እንመርቅ» አሉ መምሬ ካሱ። «ምርቃት በቁም ነው።»

መረቁ። ቤቱን መረቁ፤ ከብቱን መረቁ፤ ንቡን ከነቀፎው መረቁ። ማሽላውን በየእርሻው፣ ጎረቤቱን በየስሙ መረቁ። ሐጂ እንድሪስ «አሚን» እያሉ የረሷቸውን ነገሮች ያስታውሷቸው ነበር። ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን መንገድ ሲያነሡ መርቀውት ይሁን ሌላ ነገር ብለውት ይሁን በትክክል አልሰማሁም። በመጨረሻ በምድር ላይ ያልተመረቀ ነገር ጠፋና ተቀመጡ። ሐጂ ሲቀመጡ ከዓይናቸው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ግራዝማች ይህን አይተው እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ስንመለስ መምሬና ሐጂ በመኪና አንሳፈርም አሉ። ዳገቱን በእግራቸው ወጡት፤ ባሻ ባዶዋን ግመል ቆመው እየነዱ፣ እኔም በእግሬ አንገቴን ደፍቼ ተከተልናቸው። በየስብሰባው እንደሚደረገው ግለ ሂስ እንዳደርግ ጠየቁኝ። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «ተቀብለናል» አሉ መምሬ ወገባቸውን እያሹ፤ «የሚያልፍልን ግን ነገ ነው።»

አሞርዛተሮቹን ወዲያው መንቀል ነበረብኝ። ነገር ግን ያ ላብ ያለበት ለዘብተኛ በሌላ ሰው ተወስዷል፤ ሌላ በቁመቷ ልክ የሚሆን አልተገኘም፤ ግመሏም ያለ አሞርዛተር ትሰግዳለች። በዚህ መካከል የሽማግሌዎቼ ዝና ከግራዝማች አፍ ወጥቶ ቆላና ደጋውን አዳረሰ። ሰዎች ከሩቅ እየመጡ መምሬ ካሱንና ሐጂ እንድሪስን «ለእኛም ልጅ ቁሙልን» ብለው ለመኑ። ሐጂ «ያለዚያች መኪና አንችልም» ብለው መለሱላቸው፤ ሰዉ ትዕቢት መሰለው። እኔንም በየመንገዱ እያስቆሙ «እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው የቆሙልህ!» ይሉኝ ነበር። መሬት መሬት አያለሁ። ልናገር አፌን እከፍታለሁ፤ ግንድ ተሸካሚዎቹ ትዝ ይሉኝና እዘጋዋለሁ። ከአምሳል በቀር ዝምታዬን ሁሉም በጨዋነት ተረጎመው።

ሠርጉ ኒሯቅ ላይ በሰላም አለፈ። የቅልቅሉ ቀን የአምሳል ዘመዶች ወደ እኔ ቤት፣ ወደ ሰቆጣ መምጣት ነበረባቸው። ለግራዝማች ለስላሳ አካሄድ ያላት በቅሎ ላክሁ። በቅሎዋን መለሷት። «ሽማግሌዎቹ በመጡበት እመጣለሁ» አሉ፤ ለዚያ ቀን ክብር ሲሉ ነው። ባሻ ታከለ ሊያስቀሯቸው ሞክረው አልቻሉም። ወሬውን ስሰማ ግመሏ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ዳገቱን ጀምራለች።

ዳሱ በሰው ሞልቶ፣ ከበሮ እየተመታ ሳለ ግራዝማች ገቡ። አገባባቸውን እንዳየሁ አወቅሁት፤ እግራቸው ፈርከክ፣ እጃቸው ወገባቸው ላይ። መምሬና ሐጂ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

በአጎዛ የተሸፈነ ትልቅ ወንበር አቀረብንላቸው። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«አልቀመጥም» አሉ።

ከበሮው ቆመ። በዚያ አገር አልቀመጥም ያለ ሽማግሌ ጉዳይ አለው፤ የልጅ አባት በቅልቅል ቀን አልቀመጥም ካለ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ነገር ብቻ ይመስላል። «ልጃቸውን ሊወስዱ ነው» የሚል ሹክሹክታ ከዳሱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው አምሳል በዓይነ ርግቧ ሥር ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አየሽ፣ አባቷን ስታይ ሆድ ባሳት» አለች አንዲት ሴት። እኔ ግን ቅርብ ስለነበርኩ አምሳልን ሰምቻታለሁ። የምትስቀውን ሳቅ እጇን ነክሳ ያዘችው።

መምሬ ካሱ ተነሥተው ወግ እንደሚያዘው ጠየቁ። «ግራዝማች፣ ጉዳይ አለዎት ማለት ነው። ይናገሩ።»

ግራዝማች መምሬን አዩ። ሐጂን አዩ። ከኋላቸው ገብተው የቆሙትን ባሻን አዩ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከሦስቱ ፊት ወደ ሦስቱ ወገብ ወረደ።

«እናንተ» አሉ በዝግታ፤ «ያን ቀን...»

«አዎ» አሉ ሐጂ እንድሪስ።

«አልጋ አውጥቼ...»

«አዎ ግራዝማች።»

«አጎዛውስ?»

«ስለ አጎዛው ባይነሣ ይሻላል» አሉ መምሬ።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት ብዙ ዓመት ቆጥቤ ይዤዋለሁ፤ ሌላው ትዝታ ሲከዳኝ እሱ አልከዳኝም። «እኔ ልጄን የሰጠሁት» አሉ፣ «መቀመጥ እየቻሉ ለቆሙ ሰዎች መስሎኝ ነበር።»

ተነሣሁ። ለዓመታት ባዘጋጀው የማይሻል ንግግር ላደርግ አሰብኩ። ከአፌ የወጣው ግን «አባቴ፣ ርዝመቱን ለክቼ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

እጃቸውን አነሡብኝና ዝም አሰኙኝ። «ጉዳይ አለኝ» አሉ ለመምሬ። «ካልተፈጸመልኝ አልቀመጥም።»

«ይፈጸምልዎታል» አሉ መምሬ።

«ማሉልኝ።»

«ወላሂ ይፈጸምልዎታል!» አሉ ሐጂ።

ግራዝማች ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ አምሳልን እያየሁ፣ ይቺ ሴት በእኔ ቤት ያላት ዕድሜ አሁን አበቃ እያልኩ ነበር።

«ስመለስ» አሉ ግራዝማች፣ «በበቅሎ።»

የዳሱ ሰው ሳቅ ምሰሶውን ነቀነቀው። ሐጂ እንድሪስ ሳቁም አለቀሱም። «ተሰጥቷል!» አሉ መምሬ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። «ተሰጥቷል፤ ተፈጽሟል! እንግዲህ ግራዝማች፣ ይቀመጡ።»

ግራዝማች በአጎዛ የተሸፈነውን ወንበር፣ መምሬ ኒሯቅ ላይ አጎዛውን ባዩበት ዓይን፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መጀመሪያ ልመርቅ» አሉ።

ምርቃቱ ረዘመ። ዳሱን፣ ድግሱን፣ የሰቆጣን ገበያ፣ በቅሎዋንና የበቅሎዋን እናት ሳይቀር መረቁ። እኔን የመረቁኝ መጨረሻ ላይ፣ ከመቀመጣቸው በፊት ሌላ የሚመረቅ ነገር ባጡ ጊዜ ነው። «ማስተዋል ይስጥህ» ያሉኝ ይመስለኛል። አምሳል ግን «ልብ ይስጥህ» ነው ያሉት ትላለች፤ እሷ ብዙ ጊዜ አትሳሳትም። ያም ሆነ ይህ ሕዝቡ በሙሉ «አሜን» አለ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማኝ «አሜን» የመጣው ከዓይነ ርግቡ ሥር ነበር።